ስለ ሞራ ብግነትና ስለ ስኳር ደዌ

በወሎም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ቀድሞ ሞራ ገላጭ የሚባሉ ሰዎች ነበሩ። በግ ወይም በሬ ሲታረድ አንጀቱን እንደ መረብ የሸፈነውን ሞራ በሁለት እጃቸው ዘርግተው ወደ ብርሃን እያዩ፥ የደም ሥሩን አካሄድና የስቡን መወፈር መሳሳት እየተከተሉ፥ ዝናም ይዘንም እንደ ሆነ፥ ጦር ይነሣ እንደ ሆነ፥ የቤቱ ጌታ ዕድሜው ይረዝም እንደ ሆነ እንናገራለን ይሉ ነበር። ስለ ዝናሙና ስለ ጦሩ የተናገሩት ነገር መሠረት የሌለው መሆኑን የተማረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዳሩ ግን ስለ ቤቱ ጌታ ዕድሜ የተናገሩት፥ የበጉን ሞራ ትተው የራሱን የጌታውን ሞራ ለማየት ቢችሉ ኖሮ፥ ፈጽሞ ከእውነት የራቀ ባልሆነም ነበር። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የሕክምና ሊቃውንት የሰውን ስብ በአጉሊ መነጽር ሲመረምሩ፥ የስኳር ደዌና የልብ ደዌ ገና ሳይታወቁ ከብዙ ዓመት በፊት የሚጀምሩበትን ስፍራ ከዚያው ከሞራው ውስጥ አግኝተውታልና።

ይህን ነገር ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው መንገር ቀላል አይደለም። በዚህ አገር ውፍረት እንደ ደዌ ተቈጥሮ አያውቅም። ከብዙ ጊዜ በኋላ የተገናኙ ዘመዳሞች «ወፈርህ፥ አማረብህ» ሲባባሉ ምስጋና ነው፤ «ምነው ከሳህ?» የተባለ ሰው ግን ወደ ቤቱ ሲገባ ያዝናል። ልማዱ ካለማወቅ ብቻ የመጣ አይደለም። ወሎ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በራብ ምክንያት እጅግ ብዙ ሕዝብ ያለቀበት ምድር ነው፤ ዐሥር ዓመት ጥቂት ቢያልፈው ደግሞ በ1977 ዓ.ም. ያው መከራ ተመልሶ መጣበት። በእነዚያ ዘመናት በሰውነቱ ላይ ጥቂት ስብ የነበረው ሰው ከጎረቤቱ ይልቅ ጥቂት ሳምንት ቆየ፤ ያቺ ጥቂት ሳምንትም እህል እስኪደርስ ድረስ ነፍስን ለማቆየት የበቃችበት ጊዜ ነበር። እንግዲህ ያን ያየች አያት የልጅ ልጅዋ ጉንጭ ሲሞላ ብታይ ደስ የሚላት በትክክለኛ ምክንያት ነው። ስብን እንደ ጠላት አድርጎ የሚሰብክ ሰው ቢኖር ወሎን አያውቅም ማለት ነው።

ነገር ግን ዘመኑ ተለውጧል። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፥ ወደ 2,500 ሜትር ከሚጠጋ ከፍታ ላይ፥ ኮምቦልቻም 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ከቦርከና ሸለቆ ውስጥ የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። ቀድሞ ገበያተኛው የሐረጎን ዳገት ጭነቱን ይዞ በእግሩ ይወጣው ነበር፤ ዛሬ መኪና ያወጣዋል፤ ከሰኞ ገበያ እስከ ፒያሳ ያለችውን አጭር መንገድ እንኳ ባጃጅ ያደርሰዋል። በኮምቦልቻም የጨርቃ ጨርቁና የቢራው ፋብሪካ አስቀድሞ የነበረ ሲሆን፥ በሐምሌ ወር 2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመርቆ ተከፈተ፤ በእርሻ ላይ ቆሞ ይውል የነበረው ሰውም በስፌት መኪና ፊት ተቀምጦ መዋል ጀመረ። ስኳሩ ከሻይና ከቡና ጋር፥ የረጋው ዘይት ከወጡ ጋር፥ ለስላሳው መጠጥ ከምሳው ጋር በየቤቱ ገባ። በመንግሥት የተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት እንደሚያሳየው፥ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነው ከኢትዮጵያ ሴቶች መካከል ክብደታቸው ከልክ ያለፈው በ1992 ዓ.ም. ከመቶው 3 የነበሩ ሲሆኑ በ2008 ዓ.ም. 8 ሆነዋል። ይህም አሐዝ አገሩን በሙሉ ስለ ያዘ እውነቱን ይሸፍነዋል፤ ለብቻው ሲታይ በገጠር 4፥ በከተማ ግን 21 ነበር። በዚያው ጥናት ከመቶው 22 ሴቶች ከልክ በታች የከሱ ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ ራብና ጥጋብ በአንድ አገር፥ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ቤት፥ ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ከዚህ የተነሣ በደሴ ሆስፒታል ለስኳር ደዌና ለደም ግፊት ክትትል የሚመላለሰው ሰው የሐኪሞችን ዐይን ስቧል፤ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የሚወጡት የሕክምና ጥናቶችም ብዙዎቹ በእነዚሁ ሕሙማን ላይ የተደረጉ ናቸው። ይህ ደዌ ዕለት ዕለት መድኃኒት የሚፈልግ መሆኑ ምን ያህል አስጊ እንደ ሆነ ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. አይተውታል። ጦርነቱ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ በከተሞቹ ላይ በቆየ ጊዜ ሆስፒታሉ ተዘርፎ ሥራው ተቋርጦ ነበር። ቁስለኛ ቁስሉ ይታያል፤ ኢንሱሊን ያለቀበት ሰው ግን ቁስሉ አይታይም፥ ጩኸቱም አይሰማም። ስለዚህም ደዌው ሳይመጣ ምንጩን ማወቅ ለዚህ አገር ሕዝብ ከሌላው ይልቅ የሚጠቅም ነገር ነው።

ለብዙ ዘመን ሊቃውንቱ ራሳቸው ስብን እንደ ሙት ዕቃ ይቈጥሩት ነበር። ምግብ ሲተርፍ የሚከተት፥ ሲያንስ የሚወጣ፥ ከዚያ በቀር ሥራ የሌለው ጎተራ ነው ይሉ ነበር። ማርሴይ በምትባለው የፈረንሳይ ከተማ የነበረው ሐኪም ዣን ቫግ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1947 ዓ.ም. አንድ ነገር አስተዋለ። ሁለት ሰዎች ክብደታቸው እኩል ሲሆን፥ ስቡ በዳሌና በጭን ላይ የተቀመጠለት በጤና ይኖራል፤ ስቡ በሆዱ ዙሪያ የተከማቸበት ግን በስኳር ደዌና በደም ሥር ደዌ ይያዛል። ብዙ ሰው ቃሉን ሳይቀበለው ቆየ። በ1994 የአሜሪካው ሐኪም ጄፍሪ ፍሪድማንና የሥራ ባልደረቦቹ ሌፕቲን የተባለውን ንጥረ ነገር አገኙ፤ ይኸውም ከስብ ሕዋስ እየወጣ በደም ተጉዞ «ጎተራው ሞልቷል» ብሎ ለአንጎል የሚናገር መልእክተኛ ነው። ከዚያ ወዲህ ስብ ሠራተኛ ብልት መሆኑን የሚክድ የለም። መልእክት ይልካል፥ መልእክት ይቀበላል፤ ሲታመምም የሚልከው መልእክት ይበላሻል።

የሚታመመውም እንዲህ ነው። የአንድ ሰው የስብ ሕዋሳት ቁጥር ከጎልማሳነት በኋላ ብዙ አይለወጥም፤ በየዓመቱ ከመቶው 10 ያህሉ እየሞቱ በአዲስ ይተካሉ እንጂ። ስለዚህ ትርፍ ምግብ ዕለት ዕለት ሲመጣ፥ አዲስ ጎተራ በመሥራት ፈንታ ያለው ጎተራ እየተለጠጠ እንዲይዝ ይገደዳል። በቆላ አገር ማሽላውን በጉድጓድ የሚያኖር ገበሬ ይህን ነገር በቶሎ ያስተውለዋል። ጉድጓዱ ከልክ በላይ ከተሞላና አየር ካጣ፥ ከሥር ያለው እህል ይሞቃል፥ ይሻግታል፤ ላዩ ደህና ይመስላል፥ ውስጡ ግን በሙቀት ይነዳል። የስቡም ሕዋስ ከልክ በላይ ሲያብጥ ደምና አየር በሚገባ አይደርሰውም፤ ይጨነቃል፥ ኋላም ይፈነዳል፥ ይሞታል።

ሰውነትም የሞተ ነገር በውስጡ ሲያገኝ ዝም አይልም። እሾህ እግርን ሲወጋ ስፍራው እንደሚቀላ፥ እንደሚሞቅ፥ እንደሚያብጥና እንደሚያም ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ሐኪሞች ይህን ብግነት ይሉታል። ብግነት የሚያደርጉትም የሰውነት ወታደሮች የሆኑት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። ከእነርሱ መካከል ማክሮፋጅ የተባሉት፥ ትርጓሜውም ትልቅ በሊታ ማለት ነው፥ ባዕድ ነገርንና ሬሳን እየበሉ የሚያጸዱ ናቸው። በ2003 ሁለት የአሜሪካ የተመራማሪዎች ጉባኤ፥ እርስ በርሳቸው ሳይመካከሩ፥ በአንድ ጊዜ ይህን አሳተሙ፤ በቀጭን ሰው ስብ ውስጥ ከመቶው ሕዋስ ማክሮፋጅ የሆኑት 10 አይሞሉም፤ እጅግ በወፈረ ሰው ስብ ውስጥ ግን ወደ 40 ይደርሳሉ። ጎተራ የተባለው ስፍራ የጦር ሰፈር ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ሁለት ዓመት ቈይቶ ኢጣሊያዊው ሊቅ ሳቬሪዮ ቺንቲና የሥራ ባልደረቦቹ ወታደሮቹ የት እንደ ሰፈሩ አሳዩ። ከመቶው ከ90 የሚበልጡት የሞተውን የስብ ሕዋስ እንደ ዘውድ ከበው ቆመው ነበር።

እሾህ የወጋው እግር እሾሁ ሲነቀል ይሽራል። በስብ ውስጥ ያለው ብግነት ግን እሾሁ አይነቀልለትም፤ ትርፉ ምግብ በየዕለቱ ይመጣልና። ስለዚህ በአመድ ውስጥ እንደ ተቀበረ ፍም ሆኖ ሳይነድ ሳይጠፋ ለዓመታት ይኖራል። ሰውዬውም አያተኵስም፥ አያመውም፥ ሥራውንም አይተውም። የደዌው ክፋት በዚህ ነው።

ይህ ፍም ከስኳር ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ሰው ይኖራል። ምግብ ተበልቶ ስኳሩ ወደ ደም ሲገባ፥ ከቆሽት የሚወጣው ኢንሱሊን፥ በ1921 በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ የተገኘው፥ ወደ ጡንቻው፥ ወደ ጉበቱና ወደ ስቡ ሄዶ «ተቀበሉ» ብሎ ይናገራል። እያንዳንዱ ሕዋስ ቃሉን ተቀብሎ ወደ ውስጥ የሚያስተላልፍ በረኛ አለው። በ1993 በአሜሪካ አገር በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ትውልደ ቱርካዊው ጎክሃን ሆታሚሽሊጊልና የሥራ ባልደረቦቹ፥ በወፈሩ ዐይጦች ስብ ውስጥ ቲ ኤን ኤፍ አልፋ የተባለ የብግነት መልእክት በብዛት እንደሚወጣ አገኙ። ይህንንም መልእክት በመድኃኒት ሲያጠፉት የዐይጦቹ ሰውነት ለኢንሱሊን እንደገና መታዘዝ ጀመረ። ኋላም ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ታወቀ፤ የብግነቱ መልእክት በሕዋሱ ውስጥ ያለውን በረኛ እጁን ያስረዋል። ኢንሱሊን ደጅ ቆሞ ይጣራል፤ ይጣራል፤ በሩ ግን አይከፈትም። ስኳሩ በደም ውስጥ ይቀራል፤ ቆሽትም የተሰማ ባለመሆኑ ድምፁን ከፍ አድርጎ፥ ማለት ኢንሱሊኑን አብዝቶ፥ ይጣራል። ብዙ ሰዎች በዚህ ሁኔታ ዐሥር ዓመት ይኖራሉ። በመጨረሻም ቆሽቱ ሲደክም ስኳሩ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ሐኪም ቤት ሄደው «ዛሬ ስኳር ያዘኝ» ይላሉ። የያዛቸው ግን ዛሬ አይደለም።

የዳሌው ስብ ትቶ የሆዱ ስብ ለምን ከፋ ቢሉ፥ መልሱ እንደገና ወደ ሞራው ይመልሳል። ሞራ ከመጀመሪያውም የወታደር ሰፈር ያለበት ስፍራ ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ራንቪዬ በ1874 በሞራ ላይ ወተት የመሰሉ ነጠብጣቦች እንዳሉ ጽፏል፤ እነርሱም ነጭ የደም ሕዋሳት የሚሰበሰቡባቸው ናቸው። ቀዶ ጥገና የሚያደርጉ ሐኪሞችም ትርፍ አንጀት ሲበግን ሞራው ሄዶ እንደ ኩታ ጠቅልሎት ያገኙታል፤ ስለዚህም እንግሊዛዊው ሐኪም ራዘርፎርድ ሞሪሰን በ1906 የሆድ ፖሊስ ብሎ ሰይሞታል። ሁለተኛም በአንጀት ዙሪያ ካለው ስብ የሚወጣው ደም ወደ ልብ ከመድረሱ በፊት በቀጥታ በጉበት ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ ከዚያ የሚፈሰው ስብና የብግነት መልእክት መጀመሪያ የሚያርፈው በጉበት ላይ ነው፤ ጉበቱ ይሰባል፥ ስኳር ማምረቱንም በጊዜው አያቆምም። ከጉበት የተረፈው በደም ሥር ተጉዞ የልብን ደም ሥሮች ይጎዳል። ሐኪሞች ሜታቦሊክ ሲንድሮም የሚሉት፥ ማለት የሆድ መወፈር፥ የደም ግፊት፥ የስኳርና የደም ስብ መዛባት በአንድ ሰው ላይ ሲሰበሰቡ፥ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

እንዲህ ከሆነ ብግነቱን በመድኃኒት ማጥፋት አይቻልምን? ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1901 በማንቸስተር የነበረ ዊልያምሰን የተባለ ሐኪም ከአስፕሪን ጋር ዘመድ የሆነውን የሳሊሲሌት መድኃኒት በብዛት ሲሰጥ የአንዳንድ ሕሙማን የሽንታቸው ስኳር እንደ ቀነሰ ጽፎ ነበር፤ ምክንያቱን የሚያውቅ ስላልነበረ ነገሩ ተረሳ። ይህን ያነበበ ሰው ከመድኃኒት ቤት አስፕሪን ገዝቶ እንዳይውጥ ይጠንቀቅ፤ ያ መጠን ጨጓራን የሚያደማ፥ ጆሮንም የሚያስጮኽ ነው። የቲ ኤን ኤፍ ማጥፊያውም በዐይጥ ላይ እንደ ሠራ በስኳር ሕሙማን ላይ ሲሞከር አልሠራም። በ2017 የወጣውና ከ10,000 በሚበልጡ የልብ ሕሙማን ላይ የተደረገው ታላቅ ሙከራ ካናኪኑማብ የተባለው የብግነት ማብረጃ የልብን አደጋ እንደሚቀንስ አሳየ፤ አዲስ የስኳር ደዌ እንዳይመጣ ግን አልከለከለም። ስለዚህ በሊቃውንቱ መካከል ክርክር አለ። አንዳንዶቹ ብግነቱ የደዌው አባት ነው ሲሉ፥ ሌሎቹ ደግሞ አባቱ የስቡ ከጎተራው ሞልቶ ወደ ጉበትና ወደ ጡንቻ መፍሰስ ነው፥ ብግነቱ ወንድም ነው ይላሉ። ጥቂት ብግነትም ስብ በጤና እንዲያድግ እንደሚያስፈልግ የተገኘ ስለ ሆነ ሁሉን ማጥፋት ጥበብ አይሆንም። በዚህ ክርክር ውስጥ ሁለቱም ወገን የሚስማሙበት ግን አለ፤ ፍሙን ከመቈስቈስ ይልቅ እንጨቱን መቀነስ ይሻላል።

ለወሎ ደግሞ አንድ የተለየ ነገር አለ። ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በሰሜን ወሎ በራያ ቆቦ ወረዳ በ1975 እና በ1977 ዓ.ም. መካከል በነበረው ራብ ጊዜ በእናታቸው ማሕፀን የነበሩትን ሰዎች፥ ካደጉ በኋላ ከራቡ በኋላ ከተፀነሱት ጋር አመዛዝነው መርምረው ነበር። በ2020 (በፈረንጅ) ባሳተሙት ጽሑፍ በማሕፀን ሳሉ ራቡ የደረሰባቸው ሰዎች ሜታቦሊክ ሲንድሮም ከሌሎቹ ይልቅ እንደ በዛባቸው ገልጸዋል። በሆላንድ አገርም በ1944 ክረምት በተራበችው እናት ማሕፀን የነበሩት ልጆች ካደጉ በኋላ ስኳርን መሸከም እንደ ተሳናቸው ቀድሞ ታውቆ ነበር። በማሕፀን ሳለ ለራብ የተዘጋጀ ሰውነት ኋላ በጥጋብ ሲኖር ጎተራው ይጠብበታል። እንግዲህ የ1977 ልጆች ዛሬ አርባ ዓመት ያለፋቸው፥ በደሴ ሱቅ፥ በኮምቦልቻ ፋብሪካ፥ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጠው የሚሠሩ፥ ቤተ ሰብ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ናቸው። ራቡ ከእነርሱ አልወጣም። ከሌላው ሰው ያነሰ ውፍረት ሊጎዳቸው ስለሚችል፥ ጥቂት ቦርጭ ነው ብለው አይናቁት።

በዚሁ ላይ፥ ቀጭን ሰው ስኳር አይነካውም የሚል ሰው ይሳሳታል። በጎንደር ሐኪሞች ለብዙ ዓመት ያዩአቸው፥ ከስተው የሚመጡና ኢንሱሊን የሚፈልጉ የገጠር ሕሙማን አሉ፤ የእነርሱ ደዌ ከምግብ እጦት ጋር የተያያዘ እንጂ ከሞራ ብግነት የመጣ አይደለም። ስለዚህ የጠማውና ሽንቱ የበዛበት፥ ሰውነቱም ያለ ምክንያት የሚቀልጥ ሰው፥ የወፈረም ሆነ የከሳ፥ ደሙን ይመርመር።

እንጨቱን መቀነስ ምን ያህል እንደሚጠቅም በ2002 በአሜሪካ የታተመው ትልቅ ጥናት አሳይቷል። ስኳራቸው ከፍ ማለት የጀመረ ነገር ግን ገና ያልታመሙ 3,234 ሰዎች በሦስት ተከፍለው፥ ለአንደኛው ወገን ከክብደታቸው ከመቶው 7 እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲራመዱ ተነገራቸው፤ ለሁለተኛው ሜትፎርሚን የተባለው መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ሦስተኛው ወገን ማመሳሰያ ነበር። ሦስት ዓመት ያህል ሲቈይ፥ ከማመሳሰያው ጋር ሲመዛዘን መድኃኒቱ የደዌውን መምጣት ከመቶው 31፥ እግርና አፍ ግን 58 ቀነሰው። 85 ኪሎ ለሚመዝን ነጋዴ 6 ኪሎ ማለት ነው፤ ራሱን ማስራብ አያስፈልገውም። ሳምንታዊውም እርምጃ በቀን ግማሽ ሰዓት፥ በሳምንት አምስት ቀን ነው። በደሴ እንደ ሆነ ምድሩ ሁሉ ዳገት ስለ ሆነ ከዚያ ያነሰውም ያደክማል፤ ባጃጁን መተው ይረዳል። በሻይ ላይ የሚጨመረውን ስኳር ከሦስት ማንኪያ ወደ አንድ ማውረድም ወጪን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። የሚጾም ሰው፥ ክርስቲያንም ሆነ እስላም፥ ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የሚወስድ ከሆነ ግን ጾሙ ሳይገባ ከሐኪሙ ጋር ይመካከር።

ለመመርመር የሚያስፈልገውም ዕቃ ውድ አይደለም። ሳይበሉ በጠዋት የተለካ የደም ስኳር በዴሲሊትር ከ100 ሚሊግራም በታች ከሆነ ደህና ነው፤ 126 ከደረሰና ሁለተኛ ሲለካም እንዲሁ ከሆነ ደዌ ነው፤ በመካከል ያለው ከላይ የተነገረው ፍም ያለበት ሰው ነው። ከዚህም በፊት ግን የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። በኮምቦልቻ ልብስ የሚሰፋ ሰው በየቀኑ በእጁ የሚይዘው ነው፤ የደንበኛው ሱሪ በየዓመቱ ሲሰፋም ከሐኪሙ አስቀድሞ የሚያውቀው እርሱ ነው። ለአፍሪቃ ሰው የተለየ ልክ እስኪወጣ ድረስ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ወሰን ለወንድ 94፥ ለሴት 80 ሳንቲ ሜትር ነው። ሜትሩ የሚዞረው በሱሪው መታጠቂያ ላይ አይደለም፤ ብዙ ሰው መታጠቂያውን ከቦርጩ በታች ስለሚያስር ልኩን ያሳንሳል። ከመጨረሻው የጎድን አጥንት በታች፥ ከዳሌ አጥንት በላይ፥ በመካከላቸው ባለው ስፍራ፥ በባዶ ገላ፥ ትንፋሽ ከወጣ በኋላ፥ ሆድን ሳይስቡ ይለካል።